የግራው ስክሪን

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ያገለገሉ ሞኒተሮች አስራ አንድ። በደንብ የሚበሩ ስድስት፣ መሃላቸው ላይ መስመር የሚያሳዩ ሦስት፣ ጨርሶ የማይነሱ ሁለት። ከስድስቱ ውስጥ አንድ ዓይነትና አንድ ልክ የሆኑ ሦስት አገኘሁ። ለይቼ፣ ጨርቅ አልብሼ ከመደርደሪያው ጀርባ አስቀመጥኳቸው። አይሸጡም።

ለእህቴ ልጅ የምልከውን ደብዳቤ እንደ ልማዴ እዚህ ገልብጬዋለሁ። መልስ ሲመጣ ምን ብዬ ጽፌ ነበር እያልኩ መደናገር አልወድም።

«ለካቻቢቴ፣

ባለሽበት ጤናሽ የተሟላ፣ እጅሽ የነካው ዕቃ ሁሉ የሚሠራ ይሁን። እኛ ደህና ነን። ሱቁም እንዳለ ነው። በሩ አሁንም ሲከፈት ይጮሃል፤ ዘይት ያልቀባሁት አውቄ ነው፣ ሰው መግባቱን የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው።

የምጽፍልሽ ስለ አባትሽ ነው። ክረምት ላይ ካመመው ወዲህ መኪና አልያዘም። ሕመሙ ለቆታል፤ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይሳደባል። ነገር ግን ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳቢ የጎተተ፣ ሾፌር ሁሉ ‹ካምቢዮ› እያለ የሚጠራው ሰው እኔ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ደንበኞቼን ሲመረምር ይውላል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ኪቦርድ ልትገዛ ብትመጣ ለምን እንደፈለገችው፣ የድሮው ምን እንደሆነና ማን እንደሰበረው ጠየቃት። ሳትገዛ ሄደች።

በስልክ ያልሽው ሐሳብ ገብቶኛል። ሦስት ሞኒተር ጎን ለጎን አቁሞ፣ መሪና ፔዳል ሰክቶ፣ የከባድ መኪናውን ጨዋታ ዙሪያውን እያየ እንዲነዳ ማድረግ ነው፤ መሃሉ መንገዱ፣ ግራና ቀኙ መስኮቱና ስፖኪዮው። ግን አንቺ ስትነግሪኝ እሱ አጠገቤ ሆኖ ‹ምን አለች? ምን አለች?› እያለ ግማሹን አስጣለኝ። ስለዚህ ጻፊልኝ። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ እያየሁ እሠራለሁ።

መሪውን ከተዘጋ ጌም ቤት አግኝቻለሁ። ቆዳው ተልጧል እንጂ ይሠራል። ካምቢዮም አለው፤ አባትሽ ሞክሼ አገኘሁ ብሎ ተደስቷል።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አጎትሽ»

ያልጻፍኩት፦ ‹መኪና አልያዘም› ያልኩት ልክ አይደለም። ከሕመሙ በኋላ አንድ ቀን ይዞ ነበር። ከድርጅቱ ግቢ ሲወጣ የበሩን ግራ ምሰሶ ገጭቶ ስፖኪዮውን ሰበረ። ‹በሩን አጥብበውታል› አለ። በሩን ሄጄ አየሁት። ያው የድሮው በር ነው።


ጥቅምት 23

የእህቴ ልጅ ደብዳቤ ደረሰኝ። እዚህ ለጥፌዋለሁ።

«ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ በሩን ሳያስጮህ ይግባልዎ። ዕድሜና ጉልበት ይስጥዎ፤ ከደጅዎ ሰው አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው። አዲስ ቢሮ ሲከፈት በየጠረጴዛው ስክሪን የምንተክል አራት ሰዎች ነን። ትናንት አንድ ፎቅ ላይ አርባ ሁለት ጠረጴዛ ጨረስን። ኑሯችን ከጠረጴዛ ሥር ስለሆነ ማታ ጉልበቴ ላይ የምንጣፉ ሽመና ታትሞ አገኘዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። መጀመሪያ ከፍታቸውን ያስተካክሉ። የሦስቱም የላይኛው ጠርዝ አንድ መስመር ላይ ይዋል። አንዱ ካጠረ ከሥሩ መጽሐፍ ያስገቡለት፤ ግን ‹መጽሐፌ የታለ?› ብሎ የሚያወጣው ሰው አለመኖሩን ያረጋግጡ። ከዚያ የግራውንና የቀኙን በር ገርበብ እንደሚደረገው ወደ ተቀማጩ ያጥፏቸው። አባዬ ከተቀመጠበት እጁን ሲዘረጋ ሦስቱንም መንካት አለበት።

ኬብሎቹ ሦስቱም ከግራፊክስ ካርዱ ይውጡ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ከፍ ብሎ ለብቻው የተቀመጠ አንድ ቀዳዳ አለ። ኬብሉ ልክክ ይልበታል፣ ግን አብሮ አይሠራም፤ እንዳያታልልዎ።

ሲበሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ሦስቱን እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን ያገናኟቸው። ኮምፒውተሩ ለየራሳቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቁጥሩ የሚሰጠው እንደ ሰኩት ነው እንጂ እንደ አቋቋማቸው አይደለም። እየጎተቱ ቦታ ቦታቸውን ያስይዟቸው። እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ይህን ረስቼ አንድ ኃላፊ የማውሱን ቀስት ወደ ቀኝ ሲገፋ በግራ እየወጣበት ግማሽ ቀን ተሰቃይቷል።

የመጨረሻው የጠርዞቹ ነገር ነው። በሁለት ስክሪን መሃል ያለው ጥቁር ጠርዝ መንገዱን ይሰብረዋል። ስፋቱን በማስመሪያ ለክተው ሴቲንጉ ላይ ይሙሉት። ያኔ የሚያልፍ መኪና ከበር ምሰሶ ጀርባ እንደሚያልፍ ሆኖ ይታያል።

ሲነዳ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። ደግሞ ክረምት ላይ ምን እንደነካው በደንብ አልነገራችሁኝም። ‹ራሱን አዙሮት ነው› ብላችሁ ዘጋችሁት። ልጠይቅ እንጂ ልጨቀጭቅ አይደለም።

አባዬን ሳሙልኝ፤ ከተላጨ ብቻ።

የእህትዎ ልጅ»


ኅዳር 11

«ለካቻቢቴ፣

አለቃ የሚሰማሽን እንጂ የሚጮህብሽን አይስጥሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ እንዳልሽው ሠርቻለሁ።

ሞኒተሮቹ ከኋላ ያለው ክፍል ውስጥ ተተክለዋል። ጠረጴዛው መደርደሪያ ላይ ያጋደምኩት አሮጌ በር ነው። ከፍታቸውን በውሃ ልክ ለክቻለሁ። ቁጥሮቹን አስተካክል ያልሽውን ግን አንብቤ ረሳሁት።

አባትሽ ተቀመጠ። ቀበቶ ፈለገ። የለም ስለው ተነጫነጨ። አስነሥቶ መሪውን ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ቤቶቹ በቀኝ በኩል ብቅ አሉ።

‹ይሄ ሰውዬ ከተማውን ገልብጦታል!› አለ።

‹የቱ ሰውዬ?›

‹የሠራው!›

‹የሠራሁት እኔ ነኝ።›

‹እሱን እኮ ነው የምልህ።›

አስተካከልኩት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብታይ ደስ ይልሽ ነበር። መሪውን ሲይዝ ትከሻው ወረደ። ከክረምት ወዲህ ያላየሁት ፊት መጣ። ባዶውን ግድግዳ ‹ወደዚያ በል እንጂ፣ መንገዱን የአባትህ አደረግኸው?› እያለ ሲሳደብ ዋለ። ቀኝ ስፖኪዮውን ብቻ እያየ ተሳቢውን ወደ ኋላ ገፍቶ በአንድ ሙከራ ማራገፊያው ውስጥ ከተተው። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ቆሞ አጨበጨበለት።

አንድ ነገር ግን አልተስተካከለም። ከግራ የሚመጣውን ሁሉ ይገጫል። መጀመሪያ ምሰሶ፣ ቀጥሎ የቆመ አውቶቡስ፣ ትናንት ደግሞ ከመጋጠሚያው የወጣች ትንሽ መኪና። ‹ግራው ስክሪን ይዘገያል፤ መኪናዋ ሳትታይ መጥታ አፍንጫዬ ላይ ትደቀናለች› ይላል። እኔ ኬብሉን ጠርጥሬያለሁ። ምን ላድርግ?

ቶሎ መልሺልኝ። የጭነት ድርጅቱ ባለቤት ከየካቲት አንድ ጀምሮ መኪና ሊሰጠው ተስማምቷል፤ ትርፍ ቁልፉንም ሰጥቶታል። የቀረው የዋስ ወረቀት ነው። ዋሱ እንደ ድሮው እኔ ነኝ። አባትሽ ይህን ጨዋታ የያዘው እጁን ለማፍታታት ነው።

ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አጎትሽ»


ታኅሣሥ 1

የመጣው መልስ።

«ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ የኔን ካሰቡ ደህና ነኝ። ፎቶው ደርሶኝ ራስጌዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ወደ መንገድ እንደሚመለስ ማንም አልነገረኝም ነበር። እኔ ጨዋታውን ያሰብኩት መኪናውን እንዲረሳበት ነው። እሱ ለካ የሚለማመድበት ኖሯል። ይህን ስጽፍ አልተቆጣሁም፤ ትንሽ ቆይቼ ነው የጻፍኩት።

ስለ ግራው ስክሪን እኛ እዚህ የምንሠራበትን መንገድ ልንገርዎ። ጥፋቱን ለማግኘት ዕቃ ይቀያየራል፤ ግን አንድ በአንድ ነው። ሁለት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም። መጀመሪያ የግራውንና የቀኙን ኬብል ያለዋውጡ። ጥፋቱ ወደ ቀኝ ከሄደ ኬብሉ ነው። ካልሄደ ሞኒተሮቹን ራሳቸውን ያለዋውጡ። አሁንም ካልሄደ የካርዱን ቀዳዳዎች ያለዋውጡ። ጥፋት ከተበላሸው ዕቃ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ እሱ ነው የሚያጋልጠው።

ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ጥፋቱ ካልተነቃነቀ ሥራ ቦታ የምንቀልደው ቀልድ አለ። ‹አሁን ሰውየውን ቀይሩ› እንላለን።

ስለ ክረምቱ ጠይቄዎት ነበር። አልመለሱልኝም።

የእህትዎ ልጅ»


ታኅሣሥ 15፣ ለራሴ

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ሞኒተር ስምንት፤ ሦስቱ ኋላ ክፍል ያሉት ናቸው። ያለወቅቱ ዝናብ ስለነበር ገበያ አልነበረም። ለሥራው ተመቸኝ።

ኬብሎቹን አለዋወጥኩ። ካምቢዮ ነዳ። ግራ ያለውን አውቶቡስ ገጨ። ሞኒተሮቹን አለዋወጥኩ፤ ቀኝ የነበረውን ግራ አቆምኩት። ካምቢዮ ነዳ። መጋጠሚያው ላይ ትንሿን መኪና ገጨ። የካርዱን ቀዳዳዎች አለዋወጥኩ፣ ቁጥሮቹንም እንደገና ጎትቼ አስተካከልኩ። ካምቢዮ ነዳ። ከግራ ጥግ የወጣ እግረኛ ላይ ሄደ። ‹ይዘገያል አልኩህ እኮ!› ብሎ ተነሥቶ ሊተነፍስ ወጣ። ሲወጣ ግራ ትከሻው ከበሩ ደፍ ጋር ተጋጨ። ይቅርታ አለ። ሰው መስሎት ነው።

ዕቃው ሁሉ ቦታ ቀየረ፤ ጥፋቱ ከግራ አልተነሣም።

ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ከብስክሌት በላይ ነድቼ አላውቅም። መጋጠሚያው ጋ ስደርስ ትንሿ መኪና ግራው ስክሪን ላይ ከሩቅ ብቅ አለች፤ ቀይ ናት። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ገጨኋት። ግን አየኋት። ጫማ ሰፊውን ጠርቼ አስቀመጥኩት። እሱም አያት፤ ‹ያቺ ቀይ የት ነው የምትቸኩለው?› አለ።

ሰውየውን ቀየርን።

ክረምት ላይ የሆነውን አስታወስኩ። ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ወደቀ፤ ግማሽ ቀን አንደበቱ ተሳስሮ ዋለ። ማታ ተሻለው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹ጫና አብዝቼ ነው› አለ። እኔም አልገፋሁበትም፤ ዕቃ የማራግፍበት ቀን ነበር።

የዋስ ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እኔ ካልፈረምኩ መኪና አይሰጡትም። ከፈረምኩ ደግሞ ግራውን የማያይ ሰው ተሳቢ ይዞ ይወጣል፤ እዚያ የሚቆመው ግን የስዕል እግረኛ አይደለም።


ታኅሣሥ 17

«ለካቻቢቴ፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። ግራው ሞኒተር አሮጌ ሆኖ ነው፤ ደብዝዟል። ሌላ እፈልግለታለሁ። ክረምት ላይ የነበረውም ያው የነገርንሽ ነው። ለአሁኑ በዚህ ይብቃኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል።

አጎትሽ»

እንደዚህ አጭር ደብዳቤ ጽፌላት አላውቅም። ሥራም አልበዛብኝም።


ጥር 9

«ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝዎ። የዛሬው ሰላምታዬ አጭር ነው።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ በሙያዬ ዓይን አየሁት። ሦስቱም ስክሪኖች እኩል ይበራሉ። ግራው አልደበዘዘም። ደብዛዛ ስክሪን ከአንድ ክፍል ርቀት ለይቼ ነው የምበላው እንጀራዬን። ከዚያ አባዬን አየሁት። ሰውነቱ ወደ መሃል ዞሯል፤ አገጩ ግን ወደ ቀኝ ነው።

ጋሼ፣ ሰውየውን ቀይረዋል አይደል?

እኔም የደበቅሁት አለኝ። ነሐሴ ላይ አባዬ በእጁ የጻፈው ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። እያንዳንዱ መስመር ከገጹ መሃል ነው የሚጀምረው። ግራው ግማሽ ባዶ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ‹ወረቀት ያባክናል› ብዬ ለጓደኞቼ አሳየሁ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ሳይስቅ መለሰልኝ። እናቱ ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ እንዲህ ትጽፍ እንደነበር፣ ከሰሃኗም ግራውን ትታ ትበላ እንደነበር ነገረኝ። ፈራሁና ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የስክሪኑን ሐሳብ ያመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። እቤት ካዋለው መንገድ ላይ አይወጣም ብዬ ነው። እውነቱን መናገር ሳይቀለኝ ዕቃ ማስተከል ቀለለኝ።

አሁን ግን ሁለታችንም ዝም ብለን የካቲት አንድ እየመጣ ነው። ወረቀቱን እንዳይፈርሙ። ‹ልጅህ እንዲህ አለች› ብለውም አይከልክሉት፤ እልክ ይዞት ሌላ ዋስ ይፈልጋል። ያሳዩት። አባዬ የሰው ወሬ አይቀበልም፣ ያየውን ይቀበላል። የማያየውን እንዴት እንደሚያሳዩት እርስዎ አያጡትም፤ ዕቃ ሲገዙ የሻጩን ጉድ ሻጩ ራሱ እንዲናገር ሲያደርጉ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ፖስታው ውስጥ ቀይ ፕላስተር አለ፤ እኛ ኬብል ምልክት የምናደርግበት ነው። ለባልደረባዬ እናት ሐኪሟ ከምታነበው ወረቀት ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር አድርጎላት ነበር። ‹ቀዩን ሳታዪ አትጀምሪ› ይሏታል። አንገቷን ማዞር ለመደች። ይህ ሐኪም አይተካም። መጀመሪያ ሐኪም።

መልስዎን እየጠበቅሁ ነው። አጭር ከሆነ አልቀበልም።

የእህትዎ ልጅ»


ጥር 19

«ለካቻቢቴ፣

የጻፍሽው እውነት ነው፤ የጻፍኩልሽ ውሸት ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝ። ታኅሣሥ ላይ ሁሉንም ቀያይሬ ጨርሼ ነበር። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ሞኒተር ስወለውል ከረምኩ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት አባትሽን ኋላ ክፍል አስቀመጥኩት። ‹ረጅሙን መንገድ ንዳ፣ ኬብሉን ልፈትሽ› አልኩት። አስነሣ። መጀመሪያው መገንጠያ ሳይደርስ ጣቴን ከግራው ሞኒተር ሥር አስገብቼ አጠፋሁት። ጥቁር ሆነ።

አባትሽ ነዳ። ስለ ድሮ ረዳቱ ያወራኝ ነበር፤ ጎማ ሲቀይር ብሎኑን ኪሱ ከቶ ሁለት ከተማ አልፎ ስላስታወሰው ረዳት። ይስቃል፣ ማርሽ ይቀይራል። እኔ ጎኑ ቆሜ ጥቁሩን ስክሪን አያለሁ። አስራ ስምንት ደቂቃ ነዳ። መንገዱ ገላጣ ስለነበር ምንም አልገጨም። አቆመና ወደኔ ዞረ።

‹አየህ? ዛሬ ግራው አልዘገየም። ሠርተኸዋል!›

ካቻቢቴ፣ ብዙ ክፉ ዕቃ በደህና ዋጋ ገዝቼ ፊቴ ሳይለወጥ ከርሜያለሁ። ያን ጊዜ ግን ፊቴን ከእሱ አዞርኩ።

‹ወንበርህን ወደ ግራ አዙር› አልኩት።

አዞረ። ጥቁሩ ስክሪን ፊት ለፊቱ ሆነ።

‹መቼ ጠፋ?›

‹መጀመሪያው መገንጠያ ሳትደርስ።›

‹መብራት ነው?›

‹እኔ ነኝ። በእጄ ነው ያጠፋሁት።›

‹ውሸታም!›

‹እሺ ውሸታም ልሁን።›

‹አብራው። አሁን ልንዳ፤ ሳላውቅ አጥፋው፤ ስታጠፋው እጄን አነሣለሁ።›

ነዳ። አጠፋሁ። እጁን አላነሣም። ‹ድገም› አለ። ደገምኩ። አላነሣም። በሦስተኛው መኪናውን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉ ስክሪን ላይ መሆኑን ረስቶ በጣቶቹ አየሩን ጠመዘዘ። ፍሬን ሲፈትሽ አይተሽው ታውቂያለሽ፤ አንዴ አይበቃውም፣ ሦስቴ ነው። ራሱንም ሦስቴ ፈተሸ።

‹የድርጅቱ በር ላይ የገጨሁት› አለ። ‹ምሰሶ ነበር አይደል? ሰው አልነበረም?›

‹ምሰሶ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ።›

‹ተመስገን› አለ። ቀጥሎ ‹ወረቀቱን ፈርመሃል?›

‹አልፈረምኩም።›

‹ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?›

‹ከታኅሣሥ አጋማሽ።›

‹አንድ ወር ሙሉ በርጩማ ላይ አስቀምጠህ አየኸኝ!›

‹አየሁህ።›

‹ፈሪ!›

‹ነኝ።›

ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጣና ለአራት አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ከተተው። ‹እኔ ራሴ እመልስለታለሁ። መኪናውን የከለከለኝ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም› አለ። እዚህ ላይ መከራከር አላስፈለገኝም።

ከዚያ ቀዩን ፕላስተር አሳየሁት። አንቺ እንደላክሽው ስነግረው አፈረ፤ ቀጥሎ ‹ይቺ ልጅ ገና ሕፃን ሆና የሬዲዮኔን ብሎን ፈታ ነበር› አለ። ግራው ሞኒተር ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ለጠፍነው። ‹ቀዩን ሳታይ መሪ አትያዝ› አልኩት። አንገቱን አዞረ፣ አዞረ፣ ‹አገኘሁት› አለ። ትንሿን መኪና ሁለት ጊዜ ገጫት። በሦስተኛው ከሩቅ አይቶ አሳለፋት፤ እጁንም አውለበለበላት። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሳይጠየቅ ተቀመጠ። መንገድ ባይሰጡኝም አንገቴን ማዞር አልተውላቸውም ይላል። ሐኪም ቤቱን ያነሣው እሱ ራሱ ነው።

ከዚህ በታች ያለው የሱ ጽሑፍ ነው። ወረቀቱ ግራ ጠርዝም ላይ ፕላስተር አድርጌበታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ከመሃል ነው የጀመራቸው፤ አልነካሁበትም። ሦስተኛውን ራስሽ ተመልከቺው።

አጎትሽ»

«ልጄ፣ አጎትሽ ግራዬን አጠፋብኝ።
ልከሰው አስቤ ነበር። ለካ ቀድሞም ጠፍቶ ያገኘው ነው።
ይህችን መስመር ከቀዩ ጀመርኳት። አባትሽ።»


ጥር 19፣ ማታ ሱቅ ስዘጋ

የተሸጠ፦ ምንም። ሱቁን አልከፈትኩም።

ነገ፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዓይን ሐኪም፤ ከዚያ እዚያው ግቢ የራስ ሐኪም። ስንመለስ ለድርጅቱ ትርፍ ቁልፉንና ወረቀቱን መመለስ። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ማስገባት። በመንገድ ላይ እኔ በግራው በኩል ልሂድ።